የሞግዚቱ ኮቴ

ኔቫ ካርሞና ስልኩን ስታነሳ ከወዲያ በኩል የመጣው የጋሬት ዊንሎው ድምፅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ደውሎላት የማያውቅ ሰው፣ ትናንት ምሳ አብረው በልተው የተለያዩ ይመስል፣ "ኔቭ፣ የኔ ቆንጆ! ምነው ጠፋሽ?" አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይሄ ነው።

"አልጠፋሁም" አለች። "ቤቴም እዚያው ነው፣ ስልኬም እሱው።"

"እሱማ አዎ፣ አዎ። ስሚኝ፣ አንድ ፊልም ይዣለሁ፣ ትልቅ ፊልም። ዳይሬክተሯ ግን ችኮ ናት። ከመጋዘን የወጣ፣ ድሮ ተቀድቶ የተቀመጠ የእርምጃ ድምፅ አልፈልግም፣ በእውነተኛ እግር ካልተሠራ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። እኔማ ገና ድሮ ነው የነገርኳት፣ ከኔቫ እግር ወዲያ እግር የለም ብዬ።"

ውሸቱን እንደሆነ ኔቫ አላጣችውም፤ ስሟን ለማንሳት ስድስት ዓመት የፈጀበት ሰው ዛሬ ድንገት ምን አስታወሰው? ግን "እሺ፣ እሠራለሁ" አለችው፣ ራሷም እስክትደነግጥ ቶሎ ብላ።

ሥራዋ ኮቴ ነው። በፊልም ላይ አንድ ሰው ሲራመድ የምትሰሙት እርምጃ የራሱ እንዳይመስላችሁ፤ የፊልም ሠሪዎች ከተማ በሆነችው በርባንክ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ስክሪን ፊት ቆማ እሱን እያየች በቦታዋ የምትራመድ የኔቫ ነው። ንግሥትም ሆናለች፣ ሰካራምም ሆናለች፣ አንድ ሻምበል ጦርም ብቻዋን ሆናለች። ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ የሚቀዳላት ባሏ አሞስ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ እሷ እግር፣ እሱ ጆሮ ሆነው ኖሩ፤ ሰውም አንዱን ሲጠራ ሌላውን አብሮ ይጠራ ነበር።

ከዚያ የአሞስ ግራ ጆሮ ታመመና መስማት አቆመ። በዚህ ሙያ ይህን በአፍ አውጥቶ መናገር ራስን በቁም መቅበር ነው። ስለዚህ አሞስ ለማንም አልተነፈሰም፣ ለአንድ ሰው በስተቀር። ያ ሰው የልብ ወዳጁ ጋሬት ነበር። በምሳ ሰዓት፣ ከታኮ ምግብ መሸጫው መኪና አጠገብ ቆመው ነገረው። ጋሬት አቀፈው፤ "ከእኔ አያልፍም" አለው። ሳምንት ሳይሞላ በርባንክ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። የድምፅ ክፍሉ የኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኖ ነበር፤ ለቦታው የታጩትም ሁለቱ ነበሩ።

መርዶውን ይዞ የመጣው ራሱ ጋሬት ነው። ኔቫ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለ ሰማችው። በድምፅ ቤት ሰው ሁሉ ሸራ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ በካልሲ የሚውልም አለ፤ ማይክሮፎን ባለበት ኮቴ ማሰማት ነውር ነው። ጋሬት ግን ሹመት ሲሸተው የቴክሳስ ቦት ጫማ ማድረግ ጀምሮ ነበር፣ ተረከዙ እንደ መዶሻ የሚመታ። መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ የአሞስን ትከሻ ዳበስ አደረገና "ወንድሜ፣ ጆሮህ ዕረፍት ይፈልጋል" አለው። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአሞስ የደወለ የለም። ሁለት ጆሮ ካላቸው ሰዎች አሞስ በአንዱ እንደሚበልጥ ኔቫ ብትምልም ብትገዘትም ሊፈትነው የፈለገ አልተገኘም፤ እንዲያውም አፏን ስለከፈተች ለእሷም ሥራው እየሳሳ ሄደ። አሞስ የሎሚ ዛፉ ሥር ወንበር አውጥቶ መዋል ለመደ። ቴሌቪዥን ቢከፍትም ድምፁን ዘግቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ረግጦ አያውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኔቫ ለባሏ የጋሬትን ስልክ ስትነግረው አሞስ የሎሚ ቅጠል ማሸት ያዘ።

"ለእሱ ልትሠሪ ነው?" አላት።

"ለእሱ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን?"

"አላውቅም። ግን እዚያ ቤት ውስጥ እንደገና መግባት እፈልጋለሁ። ቅርብ ሆኜ ላየው እፈልጋለሁ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"እሱን ነው ገና ያላወቅኩት" አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ዳይሬክተሯ ጁን ናካጋዋ የምትባል አጭር፣ ቁጡ ሴት ናት፤ ስታስብ የበረዶ ድንጋይ በጥርሷ ትቆረጥማለች። ፊልሙን መጀመሪያ ያለ ድምፅ አሳየቻት። ኔቫ አስቀያሚ እንዲሆን እየተመኘች ነው የተቀመጠችው። የጋሬት ስም ያለበት ነገር ሁሉ ቢበሰብስ ደስታዋ ነው። ግን ገና ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ሳትደርስ ምኞቷን ረስታ ወደ ፊት አዘንብላ ነበር።

"የዝገት ዝናብ" ይሰኛል። ሰዎቹ የሚኖሩት በደረቀ ግድብ ሥር ነው። የግድቡ ግንብ የሰማዩን እኩሌታ ወስዶታል፤ ፀሐይ ቀትር ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ ትልና ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ላይ ያዞራል። ያን ጊዜ ካሜራው ከላይ ሆኖ ሲያያቸው በሺህ የሚቆጠር የተጨፈነ ዓይን ነው የሚታየው። ዝናቡ ቡናማ ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም። ስለዚህ የታጠበ ልብስ ሁሉ የሚሰጣው ቤት ውስጥ ነው፤ በተሰጣው አንሶላ መሃል ሰው ሲያልፍ ጥላው ብቻ ይተርፋል። የተፈቀደው መብራት አንድ ዓይነት ነው፣ ቢጫ፤ የሁሉም ፊት መዳብ ይመስላል። የዚህች ከተማ ገዢ ሞግዚቱ ይባላል። ፊቱን ማንም አያየውም። በመኖሪያዎቹ ኮሪደር እየተራመደ ያልፍና አንድ በር ላይ ይቆማል፤ በማግስቱ ያ ቤት ባዶ ነው። ካሜራው ያን ጊዜ ከበሩ ውስጥ ነው፣ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የሚያሳየውም በበሩ ሥር የሚገባውን ቀጭን ብርሃን፣ ብርሃኑን የሚቆርጡትን የሁለት ጫማ ጥላዎችና የልጇን አፍ በመዳፏ የያዘች እናት ነው።

"ሙዚቃ የለውም" አለች ጁን በረዶዋን እየቆረጠመች። "አንድም ቦታ የለውም። ሰውየው ማለት ጫማው ነው። ተመልካቹ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"መሣሪያ አይዝም፣ አይጮህም። መምጣቱ ይበቃዋል። ሲመጣ እንዲሰሙት የሚፈልግ ሰው። በሩ ላይ ሲቆም ደግሞ ደግ ነገር ሊናገር የመጣ ነው የሚመስለው።"

 ኔቫ ይህን ሰው ታውቀዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሕልሟም በውኗም ያን በር አንኳኩቷል።

በዚያው ሳምንት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ አንድ የቴክሳስ ቦት ገዛች። ቅዳሜ ጠዋት፣ አሞስ ውጭ ተቀምጦ ሳለ፣ ወጥ ቤት ገብታ ምንጣፉን ጠቀለለችና መራመድ ጀመረች። ተረከዝ፣ ጫፍ። ተረከዝ፣ ጫፍ። አልመጣላትም። ክብደቱን ወደ ኋላ መለሰች፤ ሆዷን ገፋ አደረገች፤ አገጯን አነሳች። ሰውዬው እንዴት ነበር የሚሄደው? ቸኩሎ አያውቅም። ሁሉ እንዲጠብቀው ነው የሚፈልገው። ቀስ አለች፤ ተረከዙን አሳረፈችና ጫፉን ዘግይታ ጣለችው።

የጓሮው በር ተበርግዶ ተከፈተ። አሞስ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

"እዚህ ምን ይሠራል?" አለ።

"ማን?"

"ጋሬት ነዋ! ቤቴ ውስጥ ምን..." ወጥ ቤቱን በዓይኑ ዞረ። ከዚያ የሚስቱን እግር አየ።

ኔቫ ዕንባዋ መጣ። "ከጓሮ ሆነህ ነው የሰማኸው? በተዘጋ በር?"

አሞስ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።   እሷ ቦቱን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ነው፣ "ስህተት አለበት" ያላት።

"የቱ ጋ?"

"ሊቆም ሲል። ሁለቱ የመጨረሻ እርምጃዎች ያጥራሉ፤ የሚናገረውን እያዘጋጀ ነው። ከቆመ በኋላ ደግሞ ቀኝ ተረከዙ አንዴ ዞር ይላል፣ ሲጋራ እንደሚያጠፋ ሰው። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሰማሁት እሱን ነው።" በጣቱ ጠቆማት። "ተነሺ። ከማቀዝቀዣው ጀምሪ።"

ምሳ ሰዓት አለፋቸው። አሞስ ጤናማ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ኩራት አነሰው፣ ጨምሪበት" ሲል፣ "አሁን አበዛሽው፣ እሱ ራሱም ይህን ያህል አይንቀባረርም" ሲል ዋለ። ኔቫ ባሏን እንዲህ ሆኖ ካየችው ስድስት ዓመቷ ነው።

"ቢያውቀውስ?" አላት ሲጨርሱ። "መቼም ከበርባንክ ጆሮ የእሱን የሚያህል ጥቂት ነው። እውነቱን መካድ አይቻልም።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንተ ስታንኮራፋ ራስህን ሰምተህ ታውቃለህ?"

"እኔ አላንኮራፋም።"

"አየህ!" አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ቀረጻው ላይ ከመስታወቱ ወዲያ በአሞስ ወንበር የሚቀመጠው ዴልሮይ የሚባል ፂማም ሰው ነው። በሦስተኛው እርምጃ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውርዶ መነጽሩን አወለቀ።

"አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኮቴ።"

"የማን?"

"የሞግዚቱ።"

"ይሄን ሞግዚትማ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ አየዋለሁ!" አለና በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። በሩን አየ። "ያባርረናል።"

"ከሰማው።"

ዴልሮይ ፂሙን አሸ። ባለፈው ዓመት ጋሬት በሰው ፊት "አንተን ከመቅጠር በቀቀን መግዛት ይሻል ነበር" ብሎታል፤ ያች ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርታለች። ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። "እንደገና" አላት። "ከበሩ ጀምሪ፣ አንድም እንዳታስቀሪ።"

ድምፁ ከሥዕሉ ጋር የሚጋባበት ቀን ደረሰ። ጋሬት ከትልቁ ስክሪን ፊት መሃል ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል፤ ግራና ቀኙ ረዳቶቹ ናቸው፤ ጁን ከጎኑ፣ ኔቫና ዴልሮይ ከኋላ። የኮሪደሩ ትዕይንት መጣ። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሲሰሙ ኔቫ የረዳቶቹ ማጅራት አንድ በአንድ ሲደርቅ አየች። አንደኛው እጅጌውን ነከሰ። ሌላው ጎንበስ ብሎ የሌለ ዕቃ መፈለግ ያዘ። አንዳቸውም ዘወር ብለው ጋሬትን አላዩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ያልበደለው ሰው በዚያ ተርታ አልነበረም።

"አቁሙ" አለ ጋሬት።

ኔቫ ወደ በሩ አየች።

"ድገሙት።" ተደገመ። ጋሬት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ወንበሩን ወደ ኋላ አዞረ። "ኔቭ፣ ይሄን ሰውዬ ከየት ነው ያመጣሽው?"

"ከሰው ነው።"

"እንዴት ያለ አስጠሊታ ሰው ነው! ፊቱን ሳላየው ጠላሁት። ስሙት እስቲ፣ ስሙት! ሲራመድ እንኳ አዳምጡኝ ነው የሚለው። ይሄ ሰው እናቱን የሸጠ አይመስላችሁም?"

"ይመስላል" አለ ዴልሮይ። "እናቱንም፣ ጓደኛውንም።"

"ጓደኛውንም! በትክክል!" ጋሬት ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። "መጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ስትናገር ሰማሁህ። ከፍ አድርጉት።"

ከፍ አደረጉት። ከዚያ ጋሬት ሥራውን ጀመረ፤ እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል፣ ኔቫም ብትንገበገብም አልካደችውም። ዝናቡን አወጣ። የቧንቧውን ጠብታ አወጣ። የግድቡን ጉርምርምታ እንደ እስትንፋስ ቀስ እያለ አሳነሰና ጨርሶ አጠፋው። የእናቲቱን ትንፋሽ ብቻ አስቀረና ኮቴውን ከስክሪኑ ነቅሎ ከተመልካቹ ኋላ አመጣው፤ ከኋላ ተነስቶ በጎን እያለፈ ወደ በሩ እንዲሄድ። ኔቫ በገዛ እግሯ የሠራችውን ድምፅ ፈርታ ፀጉሯ ቆመ። ክፉ ሰው ጥሩ ሥራ ሲሠራ ከማየት የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር በዓለም ላይ የለም። ስክሪኑ ላይ ያቺ በመዳብ ብርሃን የተቀባች እናት ዓይኗን ስትጨፍን ጁን በረዶዋን መቆርጠም ረስታ አለቀሰች።

ሲወጡ ኔቫ ጋሬትን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

"ስም ዝርዝሩ ላይ" አለችው፣ "ከስሜ ጎን የአሞስን ስም አስገባልኝ። ኮቴውን አብሮኝ ነው የሠራው።"

ጋሬት ፊቱን አሳዘነ። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ፣ ያኔ የአሞስ ትከሻ ላይ እንዳደረገው። "ኔቭ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን የማይሰማ ሰው ስም በድምፅ ሠሪዎች መሃል? ሰው ይስቅብናል እኮ። ለእሱም ብዬ ነው።" እና ተረከዙን እያስመታ ሄደ። ኔቫ ደሟ ፈልቶ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ጨበጠቻቸው።

ይባስ ብሎ፣ ፊልሙ ሳይመረቅ ቀድመው ያዩ ጸሐፊዎች መጻፍ ጀመሩ። ስለ ቡናማው ዝናብ ጻፉ፣ ስለ ቀትሩ ፀሐይ ጻፉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ኮቴው። "ለብዙ ዓመት በሲኒማ የተሰማ እጅግ አስፈሪ ድምፅ" አለ አንዱ። ጋሬትን ጠየቁት። ጋሬትም መለሰ፦ "ከልጅነት ቅዠቴ ነው ያመጣሁት። ባለሙያዋ ሊገባት ስላልቻለ እኔው ራሴ ተራምጄ አሳየኋት።"

ኔቫ ይህን ስታነብ ሳቋም ንዴቷም እኩል መጡባት፤ ንዴቱ አሸነፈ። ስልኳን ሶፋው ላይ ወረወረችው። "በገዛ እጄ!" አለች። "በገዛ እጄ ለጠላቴ ድግስ ደገስኩለት! ላዋርደው ብዬ አነገሥኩት። ሽልማቱንም ይወስዳል፣ ታየኛለህ፣ አንተንና እኔን በሰረቀበት እጁ ይቀበላል። ለጁን ደውዬ ሁሉንም ልነግራት ነው።"

"ምን ብለሽ? የእሱ ኮቴ ነው ብለሽ?" አለ አሞስ። "የቅናት ወሬ ነው የሚሉሽ።"

"ታዲያ ዝም ልበል?"

 "የምረቃው ዕለት እኔም እመጣለሁ" አለ አሞስ። "ሥራዬን መስማት እፈልጋለሁ። እሱ ይብላ፣ ይጠጣ፤ እኔ ግን ልስማው።"

ምረቃው የሆነው መሃል ከተማ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ባለው በዚያ ጣሪያው በወርቅ ቀለም የተለቀለቀ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው። ድሮ ተዋንያን በአካል የሚጫወቱበት ስለነበር ከስክሪኑ ፊት ሰፊ የእንጨት መድረክ አለው፣ ሥሩ ባዶ የሆነ። አሞስ ዳር ላይ፣ ጤናማው ጆሮው ወደ አዳራሹ እንዲሆን ተቀመጠ፤ ኔቫ እጁን ይዛለች። ዴልሮይና የድምፅ ክፍሉ ሰዎች ከእነሱ ጋር የኋላውን ረድፍ ሞልተውታል። ጋሬት ግን አልተቀመጠም። የድምፅ ኃላፊዎች ልማድ ነው፣ በምረቃ ዕለት ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነው የሚያዳምጡት።

መብራቱ ጠፋ። የግድቡ ጉርምርምታ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ ዝናቡ ከጣሪያው ላይ ወረደ። አሞስ እጇን ጨመቀ። ስድስት ዓመት በዝምታ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ባሕር ውስጥ እንደገባ ነበር የሆነው፤ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። የቀትሯ ፀሐይ ስትወጣ ስክሪኑ አዳራሹን አበራውና ኔቫ ፊቱን አየች፤ እንደ ከተማዋ ሰዎች ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ኮቴው መጣ። ከኋላቸው ተነሳ፣ በጎናቸው አለፈ። አንድ ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። በደረሰ ቁጥር አዳራሹ ሁሉ ወንበሩ ውስጥ ያንስ ነበር፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሰው ገና ተረከዙን ሲሰማ ነው እጁን አፉ ላይ የሚጭነው። በመጨረሻ ስክሪኑ ጠቆረ፤ በጨለማው ውስጥ እርምጃው በሰው መሃል እያለፈ ሄደ፣ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ አጠረ፣ ቆመ። ተረከዙ አንዴ ዞረ። አለቀ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጁን መድረክ ላይ ወጥታ አለቀሰች፣ አመሰገነች። ከዚያ የዕለቱ አስተናጋጅ፣ "አሁን ደግሞ ያን እንቅልፍ የሚነሳ ኮቴ የሰጠንን ሰው እንጥራ! ጋሬት ዊንሎው!" ብሎ ጮኸ።

ጋሬት ከኋላ ተነስቶ በመተላለፊያው ምንጣፍ ላይ እያለፈ፣ ግራና ቀኝ እጅ እየጨበጠ ወረደ። ኔቫ ማየት አልፈለገችም፤ አንገቷን ደፋች። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ጋሬት ደረጃውን ወጣና የመጀመሪያ እርምጃውን በመድረኩ እንጨት ላይ አሳረፈ።

ተረከዝ። ዘግይቶ፣ ጫፍ።

የፊተኛው ረድፍ ማጨብጨቡን አቆመ። ማንም አላዘዘውም፤ እጁ በራሱ ቆመ። አንዲት ሴት ትንሽ ጩኸት አምልጧት አፏን ያዘች። ጋሬት ፈገግ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ማይክሮፎኑ ወዳለበት ወደ መሃል ይሄዳል፤ ባዶው እንጨት እያንዳንዱን እርምጃ ያጎላዋል። ጭብጨባው ረድፍ በረድፍ እየሞተ ወደ ኋላ መጣ፤ እነ ኔቫ ጋ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ከዚያ ኮቴ በስተቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሁለቱ የመጨረሻ እርምጃዎች አጠሩ። ቆመ። ተረከዙ አንዴ ዞረ።

ጋሬት ፈገግታውን እንደያዘ ሰዉን አየ። ሰዉ እሱን አያየውም ነበር፤ ጫማውን ነው የሚያየው። አስተናጋጁ የያዘውን ጥያቄ እንዳለ ወረወረው፦ "እ... ኮቴውን ከየት ነው ያመጡት?"

"ከእግሩ ነው ያመጣው!" አለ ከኋላ የዴልሮይ ድምፅ።

መጀመሪያ የሳቀው የድምፅ ክፍሉ ረድፍ ነው፣ ያን ሁሉ ወር እጅጌውን ሲነክስ የከረመው። ከዚያ ሳቁ ወደ ፊት ወረደና አዳራሹን ሞላው። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስፈራራውን ሰው ራቁቱን ያገኘ ሕዝብ ሳቅ ነበር። ጋሬት ወደ ታች ቦቱን አየ። ቀኝ እግሩን አንስቶ አሳረፈው። ሰማው። በዚህ ዓለም ላይ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ሰማው። ቀና ሲል ዓይኑ የኋላውን ረድፍ ፈለገ፤ ኔቫና አሞስ ቆመዋል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሳይስቁ ያዩታል። ኔቫ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አዝንለት ይሆን ብላ ራሷን ጠየቀች፤ አላዘነችም።

ጋሬት አንድ እርምጃ ወደ መውጫው ሞከረ፤ እንጨቱ ጮኸ፣ ሳቁ እጥፍ ሆነ፣ ቆመ። መሄድ ፈለገ፣ ለመሄድ ግን መራመድ ነበረበት። ትልቁ የበርባንክ ጆሮ፣ በአንድ ሺህ ሰው ፊት፣ መድረኩ ላይ ቁጭ ብሎ ቦቱን ማውለቅ ጀመረ። አንደኛው ቶሎ አልወጣለትም፤ እየታገለ ሳበው። ከዚያ ሁለቱን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲው፣ እንደ ሌባ ጎንበስ ብሎ ከመጋረጃው ኋላ ገባ።

በዚያ ጩኸት መሃል አሞስ ጤናማ ጆሮውን ወደ መድረኩ አዘንብሎ ቆይቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሄደ እንዴ?" አላት። "ሲሄድ አልሰማሁትም።"

"ማንም አልሰማውም" አለችው ኔቫ።